ከሯጮቹ ቀድመው የደረሱት ብስክሌተኞች

ኅዳር 28 ቀን 1949 ዓ.ም. በአውስትራሊያዋ ሜልቦርን ከተማ ዳርቻ፣ ብሮድሜዶውስ በተባለ ሥፍራ፣ ለኦሎምፒክ የጎዳና ብስክሌት ውድድር ሰልፍ ተያዘ። መነሻው ግን ዘገየ። ሳይመዘገቡ ከተወዳዳሪው መሐል ሾልከው የገቡ የአየርላንድ ጋላቢዎች ተገኝተው እስኪወጡ ድረስ ሁሉም በያለበት ቆሞ ጠበቀ። ከሚጠብቁት መካከል አራት ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባ፣ መስፍን ተስፋዬ፣ ፀሐዬ ባህታና ኃይሉ ፋና። ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ስትሰለፍ የዚያን ጊዜው የመጀመሪያዋ ነበር።

የሚጋለበው ርቀት 187.7 ኪሎ ሜትር ነው። በእኛ መንገድ እናስላው ካልን ከሞጆ ተነስቶ፣ መቂን፣ ባቱን (ዝዋይን)፣ አዳሚ ቱሉንና አርሲ ነገሌን አልፎ ሻሸመኔ መግባት ማለት ነው፤ እንዲያም ሆኖ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይቀራል። ጣሊያናዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ ይህን በ5 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ጨርሶ የወርቅ ሜዳሊያውን ወሰደ። ገረመው ደንቦባ 24ኛ ሆኖ ገባ። የቡድኑ ውጤት የሚሰላው ከየአገሩ ቀድመው የገቡት ሦስት ሰዎች ያገኙት ደረጃ ተደምሮ ስለነበር፣ በዚሁ ስሌት ኢትዮጵያ 9ኛ ወጣች።

ዘጠነኛነት በወርቅ ለለመደ አንባቢ ላይደንቅ ይችላል። በዚያው ሰሞን ሯጮቻችን ካመጡት ውጤት ጎን ሲቀመጥ ግን መልኩ ይለወጣል። በማራቶን የተሰለፉት ባሻዬ ፈለቀና ገብሬ ብርቃይ 29ኛና 32ኛ ሆነው ጨረሱ። ወጣቱ ማሞ ወልዴ በ800ና በ1500 ሜትር ሮጦ ከማጣሪያው አላለፈም። ኋላ የአትሌቲክሳችን ታላቅ አሠልጣኝ የሆነው ንጉሤ ሮባም የዚያን ጊዜ የአጭር ርቀት ሯጭ ነበር። ከ12ቱ የኢትዮጵያ ስፖርተኞች ስምንቱ ሯጮች፣ አራቱ ብስክሌተኞች ሲሆኑ፣ የተሻለ ውጤት ይዘው የተመለሱት አራቱ ናቸው። በ1949 ዓ.ም. ስለ ኢትዮጵያ የስፖርት ዕድል የተጠየቀ ሰው፣ ውጤቱን አይቶ ቢመልስ ኖሮ፣ ብስክሌትን ይጠራ ነበር።

ታዲያ ብስክሌቱ የት ቀረ? ይህን ጥያቄ ከአዳማ ሆኖ ማንሳት ይመቻል። ከዚህች ከተማ አንዱ መንገድ በዴራና በኢተያ አድርጎ ወደ አሰላ፣ ከዚያም ወደ በቆጂ ሽቅብ ይወጣል፤ የሯጮቹ አገር እዚያ ነው። ሌላው ወደ ሞጆ ተመልሶ በሐይቆቹ ዳር ወደ ደቡብ ይዘልቃል። ለጥ ያለ፣ ሞቃት፣ ለጎማ የተሠራ የሚመስል ምድር ነው። ሽቅቡ የዓለም ሻምፒዮኖችን አፈራ። ሜዳው ግን በቱር ደ ፍራንስ (በፈረንሳይ ዙሪያ ውድድር) የሚታወቅ ጋላቢ አላበቀለም።

ሮም፦ ጎማና ባዶ እግር

ከአራት ዓመት በኋላ ገረመው ደንቦባ ዳግም ለኦሎምፒክ በቃ። በሮም የ100 ኪሎ ሜትር የቡድን የሰዓት ሙከራ ነሐሴ 20 ቀን 1952 ዓ.ም. ተካሄደ። አራት አራት ሰዎች ያሉበት ቡድን እየተፈራረቀ ነፋስ እየሰነጠቀ፣ ከሌሎች ቡድኖች ጋር ሳይሆን ከሰዓት ጋር የሚፎካከርበት ውድድር ነው። ርቀቱ ከአዲስ አበባ አዳማ በአሮጌው መንገድ ያለውን ያህል ነው። ልዩነቱ፣ የእኛው መንገድ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ጀምሮ በቢሾፍቱና በሞጆ እያዘቀዘቀ ወደ 1,600 ሜትር ገደማ ሲወርድ፣ የሮሙ መንገድ ሜዳ መሆኑ ነው። የዚያን ቀን ሙቀቱ ከባድ ነበር፤ ዴንማርካዊው ክኑድ ኤኔማርክ የንሰን በውድድሩ ላይ ወድቆ ሕይወቱ አለፈ። ወርቁን ጣሊያን ወሰደች።

በዚያው ኦሎምፒክ፣ ጳጉሜ 5 ቀን፣ አበበ ቢቂላ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። የሁለቱ ስፖርቶች ዕጣ የተለየው እዚህ ላይ ነው። አበበ ያሸነፈው በጉልበቱ፣ በትዕግሥቱና ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን በሰጠው ሥልጠና ነው፤ ጫማው እንኳ አላስፈለገውም። ድሉን ያየ የገጠር ልጅ በማግሥቱ ተነስቶ ሊሞክረው ይችላል። ብስክሌት ግን በባዶ እጅ አይጋለብም። ካቴናው፣ ቸርኬው፣ ጎማው፣ መለዋወጫው ሁሉ ከውጭ ይመጣል፤ ሁሉም ያልቃል፤ ሁሉም በገንዘብ ይተካል።

ከሮም በኋላ የሩጫው ሰንሰለት አልተበጠሰም። በሜልቦርን በማጣሪያ የቀረው ማሞ ወልዴ ከ12 ዓመት በኋላ በሜክሲኮ የማራቶን ሻምፒዮን ሆነ። የሜልቦርኑ ሯጭ ንጉሤ ሮባ የሚቀጥለውን ትውልድ አሠለጠነ። የአርሲ ልጆች ተከታተሉ፤ ከበቆጂ ደራርቱ ቱሉና ቀነኒሳ በቀለ፣ ከአሰላ ኃይሌ ገብረሥላሴ። በበቆጂ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ሕፃናትን እያሰለፈ ያሠለጠነበት ሜዳ ዋጋው ማለዳ መነሳት ብቻ ነበር።

የአስመራ ዘመን

ብስክሌቱ እስከዚያው አልሞተም ነበር። ማዕከሉ ግን ወደ ሰሜን ሄደ። በአስመራ ጣሊያኖች ካስገቡት ዘመን ጀምሮ ብስክሌት የከተማው ስፖርት ሆኖ ነበር፤ የኤርትራ ዙሪያ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተዋሐደች በኋላ የአስመራ ጋላቢዎች የኢትዮጵያን ማልያ ለብሰው ተወዳደሩ። በቶኪዮ፣ በሜክሲኮና በሙኒክ ኦሎምፒኮች በብስክሌት የተሰለፉት ኢትዮጵያውያን አብዛኞቹ ከዚያች ከተማ የወጡ ናቸው፤ ፍስሐጽዮን ገብረየሱስና የማነ ነጋሲ ከሚታወሱት መካከል ናቸው።

የአስመራ ምሥጢር የሰዎቹ ጉልበት ብቻ አልነበረም። አስመራ የተነጠፈ መንገድ፣ ብስክሌት የሚጠግን ሠራተኛ፣ የሚከራከር ተመልካች፣ በየሳምንቱ የሚካሄድ ውድድር ነበራት። አባት ለልጅ፣ ታላቅ ለታናሽ የሚያወርሰው ብስክሌት ነበር። ስለዚህም ከነጻነት በኋላ ኤርትራ በአጭር ጊዜ የአፍሪካ ብስክሌት ኃያል ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2015 ዳንኤል ተክለሃይማኖት በቱር ደ ፍራንስ የተራራ ንጉሥነትን ነጠብጣብ ማልያ ለበሰ። በ2024 ደግሞ ቢኒያም ግርማይ ሦስት ምዕራፎችን (የቀን ውድድሮችን) አሸንፎ የነጥብ አሸናፊውን አረንጓዴ ማልያ ይዞ ወደ ቤቱ ገባ።

ኢትዮጵያ ግን በዚህ መሐል ከብስክሌቱ መንገድ ራቀች። የሞንትሪያሉን ኦሎምፒክ ሳትሳተፍ ቀረች፤ በሞስኮ ጋላቢዎቿን አሰለፈች፤ ወደ ሎስ አንጀለስና ወደ ሴኡል አልሄደችም። ሯጭ ኦሎምፒክ ቢያመልጠው በየዓመቱ የሚሮጥበት ሌላ መድረክ አለው። ብስክሌተኛ ግን በአገሩ ውስጥ የሚወዳደርበት ከሌለ፣ አራት ዓመት ጠብቆ የሚመጣ አንድ ውድድር ሥራ አይሆነውም።

ወንጂ ላይ የሰፈሩት ደቾች

የአዳማ አካባቢ ከአውሮፓ ብስክሌት አገር ጋር ቀጥተኛ ትውውቅ አለው፤ በብስክሌት ሳይሆን በስኳር። በኢንዶኔዥያ ስኳር ሲያመርት የኖረው የአምስተርዳሙ ኩባንያ ኤችቪኤ በአዋሽ ዳር ወንጂ ላይ ሸንኮራ ለማልማት ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋዋለ፤ የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ሸዋና መተሐራ ተከተሉ። በ1967 ዓ.ም. ፋብሪካዎቹ እስኪወረሱ ድረስ ኔዘርላንዳውያን (ደቾች) ኢንጂነሮችና የእርሻ ባለሙያዎች ከአዳማ በቅርብ ርቀት ኖሩ። እነዚህ ሰዎች የመጡበት አገር የሕዝቡ ብስክሌት ከሕዝቡ ቁጥር የሚበልጥበት ነው።

ከእነሱ አገር የወጣ አንድ ሰው የሁለቱን ዓለማት ልዩነት ያሳያል። ዮፕ ዙተመልክ እ.ኤ.አ. በ1968 የሜክሲኮ ኦሎምፒክ ከኔዘርላንድ ቡድን ጋር በ100 ኪሎ ሜትር የሰዓት ሙከራ ወርቅ አገኘ። የኢትዮጵያ ብስክሌተኞችም በዚያው ኦሎምፒክ ተሰልፈው ነበር። ከሜክሲኮ በኋላ ዙተመልክ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በ1970 ፕሮፌሽናል ሆነ። ደመወዝ የሚከፍል ቡድን፣ ብስክሌቱን የሚጠግን መካኒክ፣ እግሩን የሚያሽ ባለሙያ አገኘ። ቱር ደ ፍራንስን 16 ጊዜ ጀምሮ 16 ጊዜ ጨረሰ። አምስት ጊዜ ሁለተኛ ከሆነ በኋላ በ1980 አሸነፈ፤ በ1985 በ38 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ለእኛዎቹ ኦሎምፒኩ የመንገዱ መጨረሻ ነበር፤ ለዙተመልክ ግን የሥራ መቀጠሪያ ወረቀት ሆነለት። የእሱ እግር ከሌሎቹ ሊበልጥ ይችላል። ሆኖም ያን ያህል ዘመን በሙያው የቆየው በእግሩ ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ የክለብ፣ የውድድርና የደመወዝ መሰላል ስለነበረ ነው። ደቾቹ ለወንጂ ያመጡት የስኳር ዕውቀት ፋብሪካ፣ ቦይ፣ ሠራተኛና ገበያ ተዘርግቶለት ሥር ሰደደ። ብስክሌትም የሚጠይቀው እንደዚያ ያለ ዝርጋታ ነው።

ከመቀሌ እስከ ፓሪስ

ያን ዝርጋታ በትንሹም ቢሆን ያገኘች የኢትዮጵያ ከተማ መቀሌ ናት። በትግራይ ብስክሌት የቤተሰብ ስፖርት ሆኖ ቆየ፤ ድርጅቶች ክለብ አቋቁመው ለጋላቢዎች ደመወዝ ከፈሉ። ፅጋቡ ግርማይ በነሐሴ 1983 ዓ.ም. የተወለደው በዚህች ከተማ፣ ብስክሌተኞች ካሉበት ቤተሰብ ነው። ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ለአፍሪካ ባቋቋመው ማዕከል ሠለጠነ፤ ከዚያም በአፍሪካዊነቱ የሚታወቀውን የኤምቲኤን ኩቤካ ቡድን ተቀላቀለ። እ.ኤ.አ. በ2013 በታይዋን ዙሪያ ውድድር አንድ ምዕራፍ አሸነፈ።

በ2015 የጣሊያኑ ላምፕሬ ሜሪዳ ቡድን ቀጠረው። ወርልድ ቱር በሚባለው የዓለም ከፍተኛ ደረጃ ላይ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እሱ ነው። በዚያው ዓመት የጣሊያን ዙሪያ ውድድር የሆነውን ጂሮ ዲ ኢታሊያን ጋለበ። ሰኔ 25 ቀን 2008 ዓ.ም. ደግሞ በፈረንሳይ ሞን ሴን ሚሼል በተጀመረው ቱር ደ ፍራንስ ተሰለፈ። ይህን ያደረገ ኢትዮጵያዊ ከእሱ በፊት አልነበረም። ከገረመው የሜልቦርን ውድድር 60 ዓመት ሊሞላ የቀረው ጥቂት ወራት ነበር።

የዚያ ዓመት ቱር 21 ምዕራፍና 3,529 ኪሎ ሜትር ነበረው። በአማካይ በቀን 168 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው፤ ከሞጆ ሻሸመኔ ለመድረስ ጥቂት የሚቀረው ርቀት፣ ለሦስት ሳምንት ያህል፣ በመሐሉ ሁለት የዕረፍት ቀን ብቻ ተሰጥቶ፣ በፒሬኔና በአልፕስ ተራሮች ላይ ጭምር።

በዚህ ስፖርት የማያውቅ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ፅጋቡ የተቀጠረው ለራሱ ለማሸነፍ አልነበረም። የቡድኑ ጋላቢዎች በዋናነት የሚሠሩት ለመሪያቸው ሉዊ ማይንትየስ ነበር። ከፊት ሆነው ነፋስ ይሰብሩለታል፤ ወደ ኋላ ወደ ቡድኑ መኪና ተመልሰው ውሃ ያመጡለታል፤ ጎማው ቢተነፍስ የራሳቸውን ቸርኬ ይሰጡታል። ከሌላው ጀርባ ተጠግቶ የሚጋልብ ሰው የነፋሱን ግፊት በእጅጉ ስለሚያመልጥ ጉልበቱን ለመጨረሻው አቀበት ያስቀምጣል። ደቡብ አፍሪካዊው ማይንትየስ ያን ቱር በ8ኛ ደረጃ ሲጨርስ፣ የፅጋቡም ሥራ በዚያ ቁጥር ውስጥ ነበረበት። ሩጫን ብቻ የለመደ ተመልካች የብስክሌተኛውን ዋጋ በደረጃው ብቻ ቢለካ ይሳሳታል።

ፅጋቡ እ.ኤ.አ. በ2017 ለባህሬን ሜሪዳ፣ በ2018 ለትሬክ ሴጋፍሬዶ ቱሩን ዳግም ጋለበ። የ2018ቱን በሆድ ሕመም በሁለተኛው ምዕራፍ አቋረጠ። በ2019 ወደ አውስትራሊያው ሚቸልተን ስኮት ተዛወረ። በሪዮ ኦሎምፒክም አገሩን ወክሏል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሲነሳና ስልክ ሲቋረጥ፣ እሱ አውሮፓ፣ ቤተሰቡ መቀሌ ነበሩ። አንድ ባለሙያ ብስክሌተኛ በዓመት ከ20,000 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ይጋልባል፤ ያን የሚያደርገው ቤተሰቡ በሕይወት ስለመኖሩ እርግጠኛ ሳይሆን ሲሆን ምን እንደሚመስል መገመት አያዳግትም።

ጦርነቱ የመቀሌን የብስክሌት ሕይወትም ክፉኛ ጎዳ። እንዲያም ሆኖ ከዚያው ዘርፍ የወጡ ሰዎች ተከታትለዋል። ሙሉ ኃይለሚካኤል በፈረንሳይና በስፔን ቡድኖች ጋልቧል። ሰላም አምሃ በቶኪዮ ኦሎምፒክ የሴቶች የጎዳና ውድድር ኢትዮጵያን ወክላለች። ኢየሩ ገብሩ በፓሪስ ኦሎምፒክ የተሰለፈችው በስደተኞች ቡድን ስም ነው።

ሜዳው ምን ጎደለው?

ወደ ስምጥ ሸለቆው እንመለስ። ምድሩ ለሥልጠና አቻ የማይገኝለት ነው። ከአዳማ አሰላ በ75 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከፍታው ከ700 ሜትር በላይ ይጨምራል፤ የተራራ ጋላቢ የሚወጣበት አቀበት ነው። ከመቂ እስከ ቡልቡላ ያለው ሜዳ ደግሞ የሐይቁ ነፋስ ከጎን የሚመታው በመሆኑ፣ ሰልፍ ይዞ ነፋስን መከፋፈልን የሚያስተምር ቦታ ነው። ኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታ ላይ ተኝቶ ዝቅተኛ ቦታ ላይ መሥራትን ለሯጮቿ ታውቅበታለች፤ አሰላ አድሮ አዳማ የሚሠለጥን ብስክሌተኛም ያንኑ ጥቅም ያገኛል።

የሚጎድለው ሌላ ነው። አንደኛው ዕቃው ነው። ለውድድር የሚሆን ብስክሌት በዓለም ገበያ በሺህ በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል፤ በውጭ ምንዛሪ እጥረት ላይ ቀረጥ ሲጨመርበት ከአንድ ቤተሰብ አቅም በላይ ይሆናል። መፍትሔው እንደ መቀሌ ሁሉ ክለብ ነው። አዳማና ዙሪያዋ ስኳር፣ ዱቄት፣ ጨርቃ ጨርቅና አበባ የሚያመርቱ ድርጅቶች አሏቸው። አንድ ድርጅት ለስምንትና ለአሥር ልጆች ብስክሌት ገዝቶ አንድ መካኒክ ቢቀጥር፣ ጀማሪ ክለብ ተፈጠረ ማለት ነው።

ሁለተኛውና ከባዱ መንገዱ ነው። የጂቡቲ ጭነት የሚመላለስበት ጎዳና ላይ በከባድ መኪናዎች መሐል የሚሠለጥን ልጅ በየቀኑ ከነፍሱ ጋር ይጫወታል። ልጁን ብስክሌት ያላስጀመረ ወላጅ አይፈረድበትም።

ሩዋንዳ በዚህ ላይ መልስ ሰጥታለች። ከእኛ የበለጠ ሀብታም አይደለችም፤ ሜዳም የላትም። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የሩዋንዳ ዙሪያ ውድድርን ዓለም አቀፍ አድርጋ በየዓመቱ መንገድ እየዘጋች አካሄደች። ሕዝቡ በየኮረብታው ዳር ቆሞ ማየትን ለመደ፤ ፖሊሱ መንገድ መዝጋትን፣ ሆቴሉ ቡድን ማስተናገድን ተማረ። ከመስከረም 11 እስከ 18 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፍሪካ ምድር የተካሄደው የመጀመሪያው የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና በኪጋሊ ሆነ። ያን ያመጣው በየዓመቱ ሳይቋረጥ የተካሄደው ውድድር ነው።

ለአዳማም ተመሳሳይ ዕድል የከፈተላት፣ የሚያስገርመው፣ ብስክሌት እንዳይገባበት የተከለከለው መንገድ ነው። ከ2007 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ የሚሠራው 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ አለ፤ ከሞጆም በመቂ ወደ ባቱ ሌላ ተዘርግቷል። ከዚህ በፊት አሮጌውን መንገድ ለውድድር መዝጋት የአገሪቱን የወደብ መስመር ማቆም ነበር። ዛሬ ግን ከወር አንድ እሑድ፣ ለግማሽ ቀን፣ የፍጥነት መንገዱን ክፍያ አንስቶ መኪናውን ሁሉ ወደዚያ መመለስ ይቻላል። የአዲስ አበባ አዳማ አሮጌ ጎዳና ለሮሙ ውድድር ርቀት ይበቃል። የብስክሌት ፌዴሬሽኑ፣ የትራፊክ ፖሊሱና የመንገዱ አስተዳደር ስምምነት ካለ፣ አዲስ አስፋልት ማንጠፍ አያስፈልግም።

የዚህ አካባቢ ልጅ እግር ይችል እንደሆነ በቆጂ ከመለሰችው ቆይቷል። ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ ደግሞ የኢትዮጵያዊ እግር ፔዳል ላይ ሲወጣ ከዓለም ዘጠነኛ ሊሆን እንደሚችል በ1949 ዓ.ም. አስመዝግበዋል። ከዚያ በኋላ የጠፋው የሚሳተፉበት ውድድር ነው፤ እሱንም መፍጠር የጋላቢው ሳይሆን የአስተዳዳሪው ሥራ ነው።